አላነብም ያለው አሮጌ ፕሌይስቴሽን፦ ከመጣላችሁ በፊት

እስቲ ወላጆቻችሁ ቤት ስትሄዱ የቡፌውን ታችኛ መሳቢያ ክፈቱ። ያረጀ ዳንቴል፣ የማይሠራ ሪሞት፣ ማጫወቻው የጠፋ የሠርግ ካሴት ታገኛላችሁ። ከእነዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ገመዱ በላዩ የተጠቀለለ ጥቁር ፕሌይስቴሽን ይኖራል። እንዳይጣል የወንድም ወይም የእህት ማስታወሻ ነው፤ እንዳይሸጥ አይሠራም። እንዲሁ ዓመት ዓመትን እየተካ እዚያው ይቀመጣል።

የእኛም ቤት እንደዚያው ነበር። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ የሰባት ዓመት ልጄን ኮልፌ፣ እናቴ ቤት ማዋል ጀመርኩ። እኔ የምኖረው ቤተል ነው፤ የእናቴ ቤት ደግሞ ከ18 ማዞሪያ ትንሽ ገባ ብሎ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ያደግንበት ግቢ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። "ማሚ፣ ታች ያለው ጌም ቤት ልጆቹ ሁሉ ገብተዋል። እኔም ልሂድ?" አለኝ።

እኔ መልስ ስፈልግ እናቴ ቀደመችኝ። "የአጎትህ ቡፌ ውስጥ አለልህ አይደል? ምን ጎድሎብህ ነው የሰው ቤት የምትሄደው?"

ወንድሜ ከአገር ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። ማሽኑን ሲሄድ ለማንም አልሰጠም፤ "አስቀምጡልኝ" ብሎ ነው የሄደው። አወጣነው፣ አቧራውን ጠረግነው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካነው። አረንጓዴዋ መብራት በራች። ያ የምናውቀው የመክፈቻ ድምፅ ሲሰማ እናቴ እንኳ ከጓዳ ብቅ አለች። ከዚያ ዲስኩ ተንጫጫ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንጫጫ። ስክሪኑ ጠቆረና "ዲስክ ሪድ ኤረር" የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ዲስኩን ማንበብ አልቻልኩም ማለቱ ነው።

"ሞተ እንዴ?" አለ ልጄ።

እንዳልሞተ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። በመካከል አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። እናንተ እንዳትደግሙት ነው ይህን ጽሑፍ የምጽፈው።

ሰፈራችን እንዴት ገባ?

ሶኒ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 ነው። ሁለተኛው፣ ብዙዎቻችን "ፒኤስ ቱ" የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ተከተለ። ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ በዓለም ላይ ከተሸጡ የቤት ውስጥ ጌም ማሽኖች የሚስተካከለው የለም። አንዱ ምክንያት የዲቪዲ ፊልም ማጫወቱ ነው። ብዙ አባቶች ለልጆቻቸው ጨዋታ ያልፈቀዱትን ገንዘብ "ፊልምም ያሳያል" ሲባሉ ፈቅደዋል። ማምረቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ነው። በዚያው ዓመት ግን ለዚህ ማሽን አዲስ የእግር ኳስ ጨዋታ ይወጣለት ነበር።

በሙያዬ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ ምርት ይተዋወቃል፣ ያድጋል፣ ይረጋል፣ ከዚያ ይወርዳል ተብለን ተምረናል። ማንም መምህር ያልነገረን ነገር ቢኖር፣ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ኮልፌ ውስጥ ስለሚቀጥለው አምስተኛ ምዕራፍ ነው።

የእኔ ዘመን ልጆች ያንን ምዕራፍ ታውቁታላችሁ። በር ላይ ጆተኒ ተገትሯል። መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርጉ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ ፊት ለፊታቸው አግዳሚ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡ ወንዶች ልጆች አሉ። ክፍያው በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል። በብዛት የሚጫወቱት ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራውን "ዊኒንግ ኢለቨን" ነበር። እኛ ሴቶቹ አንገባም። እኔ ወንድሜን ለምሳ እንድጠራ ስላክ መጋረጃው አጠገብ ቆሜ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ በቀዳዳ አያለሁ።

የእነዚህ ቤቶች ነገር እስከ ዛሬ ወላጆችን ያሳስባል። በትምህርት ቤቶች ዙሪያ የሚገኙትን የከተማው አስተዳደር በተለያየ ጊዜ ሲያሽግ ሰምተናል። እኔ ሁሉም መጥፎ ናቸው አልልም፤ ወንድሜ እዚያ ያገኛቸው ጓደኞቹ ዛሬም ጓደኞቹ ናቸው። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ማን አጠገብ እንደተቀመጠ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ከምን ገንዘብ እንደከፈለ ማወቅ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ያ አሮጌ ማሽን መሥራቱ ለእኔ ከትዝታ በላይ ነበር።

የእኔ ስሕተት

በማግስቱ ማሽኑን በፌስታል ይዤ አንድ ጥገና ቤት ሄድኩ። ወጣቱ ሠራተኛ ሳይከፍተው "ሌንሱ ነው" አለኝ። ሒሳብ ተስማማን። ደረሰኝ አልጠየቅኩም፣ ምልክት አላደረግኩም፣ የማሽኑን ቁጥር እንኳ አላየሁም። ከአራት ቀን በኋላ ስቀበለው ይሠራ ነበር። ልጄ አንድ ሳምንት ሙሉ ተደሰተ። በስምንተኛው ቀን ዲስኩ እንደገና መንጫጨት ጀመረ፤ በአሥረኛው ጭራሽ አላነብም አለ። ተመልሼ ስሄድ "ይሄ ሌላ ችግር ነው" ተባልኩና እንደገና ክፈይ ተባልኩ።

አልከፈልኩም። ሌላ ሰፈር ራዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት እንዳሉ የሥራ ባልደረባዬ ነግራኝ እሳቸው ጋ ሄድኩ። ክዳኑን ከፍተው፣ መነጽራቸውን አውርደው፣ ሌንሱ ጎን ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበቡ።

"ይህ ሌንስ የዚህ ማሽን አይደለም ልጄ። ተቀራራቢ ስለሆነ ገብቷል። ብዙም የሠራ ነው።"

"ቀይረውት ነው ጋሼ?"

"እሱን እኔ አላየሁም፤ ያላየሁትን አልናገርም። ግን ልጠይቅሽ፣ መጀመሪያ አላነብ ሲል አጽድተሽው ነበር?"

አላጸዳሁትም። ማጽዳት የሚባል ነገር እንዳለም አላውቅም ነበር። እሳቸውም በየቤቱ ሳሎን ውስጥ የሚጨሰው እጣን፣ የከሰሉ ብናኝ፣ የበጋው አቧራ ሌንስ ላይ ተደርቦ ስስ ሽፋን እንደሚሠራ አስረዱኝ። ከሚመጡላቸው ማሽኖች ብዙዎቹ ከመጽዳት ሌላ ምንም እንደማይፈልጉም ነገሩኝ። እናቴ ቤት ቡና ሳይፈላ የሚውልበት ቀን የለም፤ ቡፌው ደግሞ ረከቦቱ ጎን ነው የቆመው።

ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ የተበሳጨሁት በገንዘቡ አልነበረም። የወንድሜ ማሽን ይዞት የመጣው ሌንስ ምናልባት ደህና ነበር። ምናልባት አንድ ጠብታ አልኮል ብቻ ነበር የሚፈልገው። ያንን የማረጋግጥበት መንገድ የለኝም፤ ምልክት ስላላደረግኩ ማንንም መክሰስ አልችልም።

ሌንሱ ምን ይሠራል?

ጥገናውን ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ዲስኩ በሥሩ በኩል የብርሃን ጨረር የሚያነባቸው እጅግ ደቃቅ ምልክቶች አሉት። ምልክቶቹ ከመሐል ወደ ዳር በሚዞር አንድ ረጅም መስመር ላይ ተደርድረዋል። በዲቪዲ ላይ በአንዱ ዙርና በቀጣዩ መካከል ያለው ርቀት 0.74 ማይክሮሜትር ነው፤ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ሌንሱ ይህንን መስመር ለመከተል በቀጫጭን ሽቦዎች ላይ ተንሳፎ ያለማቋረጥ ከፍና ዝቅ ይላል። ከሥሩ ደግሞ በሀዲድ ላይ ከመሐል ወደ ዳር ይንሸራተታል።

እንግዲህ ችግሩ ከአራት ቦታዎች ሊመጣ ይችላል፦ ከዲስኩ፣ ከሌንሱ ንጽሕና፣ ሌንሱ ከሚንሸራተትበት ሀዲድና ጥርስ፣ ወይም ጨረሩን ከሚያወጣው ሌዘር ማርጀት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማንም ቤት ውስጥ ያስተካክላል። ሦስተኛው ጥንቃቄ ይጠይቃል። አራተኛው የባለሙያ ነው።

አንድ ጠቃሚ ፍንጭ አለ። ለፒኤስ ቱ ከወጡት ኦርጅናል ጨዋታዎች አንዳንዶቹ በሲዲ፣ አብዛኞቹ በዲቪዲ ታትመዋል። ሥራቸው ሰማያዊ የሆኑት ሲዲ፣ ብርማ የሆኑት ዲቪዲ ናቸው። ማሽኑ ለሁለቱ የተለያየ ጨረር ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ አንዱን ዓይነት እያነበበ ሌላውን እንቢ ካለ፣ ዲስኩን ለመውቀስ ከመቸኮላችሁ በፊት ይህን ልብ በሉ፤ ለጠጋኙም ንገሩት፣ ሥራውን ያቀልለታል።

ገበያ ላይ በብዛት የምናገኛቸው ኮፒ ዲስኮች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። በፋብሪካ ከታተመው ያነሰ ብርሃን ነው የሚመልሱት። ደከም ያለ ሌንስ ኦርጅናሉን አንብቦ ኮፒውን ሊተው የሚችለው ለዚህ ነው። ፀሐይ ላይ የከረመ ኮፒ ዲስክም ቀለሙ እየለቀቀ ይበላሻል።

ብሎን ሳትፈቱ የምትሠሩት

በመጀመሪያ ቢያንስ በሦስት ዲስኮች ሞክሩ። አንዱ ብቻ እንቢ ካለ ችግሩ የዲስኩ ነው። ሁሉም ካልሠሩ ወደ ማሽኑ ሂዱ።

ዲስኩን ስታጸዱ ለብ ባለ ውኃ ያረጠባችሁትን ለስላሳ ጨርቅ፣ ለምሳሌ የመነጽር መጥረጊያ፣ ተጠቀሙ። የምትጠርጉት ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ እንጂ እያዞራችሁ አይደለም። ምክንያት አለው፤ ማሽኑ በመስመሩ ላይ የጎደለውን ትንሽ ቦታ በስሌት ይሞላል። በሲዲ ላይ እስከ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ የተቋረጠን መረጃ መጠገን ይችላል። መስመሩን አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት ከእያንዳንዱ ዙር የሚነካው ጥቂት ነው። ከመስመሩ ጋር አብሮ የሚዞር ጭረት ግን ረጅም መረጃ ይበላል።

የሲዲን ጀርባም ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚያብረቀርቀውን በኩል ብቻ ይንከባከባል። በሲዲ ላይ ግን መረጃው ያለው ሥዕሉ ካለበት ገጽ በታች፣ ከስስ ሽፋን ሥር ነው። እዚያ በእስክርቢቶ ጫና የተጻፈ ስም ዲስኩን ሊገድለው ይችላል። ዲቪዲ መረጃው በሁለት ስስ ፕላስቲኮች መካከል ስለሆነ ከዚህ ይሻላል።

ቀጥሎ ሌንሱ። እንደ እኛው ቀጭኑ ፒኤስ ቱ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ ክዳኑን ስትከፍቱት ሌንሱ ዓይናችሁ ፊት ነው። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽንም እንዲሁ ነው። ወፍራሙ ፒኤስ ቱ ግን ዲስኩን በመሳቢያ ስለሚያስገባ መፈታት ይፈልጋል።

ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ። ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ንጹሕ አልኮል የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ ብቻ አድርጉ፤ ጥጡ እንዳይንጠባጠብ ጨመቅ አድርጉት። ሰማያዊት የምትመስለውን ትንሽ ጉልላት ሳትጫኑ፣ የሕፃን ዓይን የምትጠርጉ ያህል በእርጋታ ዳበስ አድርጓት። በሌላ ደረቅ ጥጥ ድገሙ። የመድኃኒት ቤት አልኮል ውኃ ስላለበት ክዳኑን ከፍታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል አድርቁት። ይህን የምትሠሩት ከከሰል ምድጃና ከሻማ ርቃችሁ ይሁን፤ አልኮል እሳት ይይዛል።

በክረምት አንድ ተጨማሪ ነገር አስታውሱ። ማሽኑ ከቀዝቃዛ ክፍል ወጥቶ ሞቅ ወዳለ ሳሎን ሲገባ ሌንሱ ላይ ጤዛ ሊይዝ ይችላል። ወዲያው ከማብራት ይልቅ አንድ ሰዓት ያህል ይቀመጥ።

ዲስኮቻችሁ ላይ ክብ ሆኖ የዞረ ጭረት ካያችሁ ደግሞ አንድ ነገር እየነካቸው ነው። አንዳንዴ ልጆች ዲስኩ እየዞረ ሳለ ማሽኑን ስለሚያንቀሳቅሱት ነው። በቀጭኑ ፒኤስ ቱ ላይ ግን ወደ ሌንሱ የሚሄደው ጠፍጣፋ ገመድ ወደ ላይ ጎብጦ ዲስኩን የሚቧጭርበት ጊዜ አለ። ይህን ሳታስተካክሉ ሌላ ዲስክ አታስገቡ፤ ተራ በተራ ይፈጃቸዋል።

ሲከፈት

ጽዳቱ ካልረዳ ቀጣዩ ሀዲዱ ነው። ሌንሱ የሚንሸራተትበት ግራሶ በዓመታት ይደርቃል፣ አቧራም ይይዛል። ጨዋታው ጀምሮ መሐል ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚቆም ከሆነ ይህን ጠርጥሩ። አሮጌው ግራሶ በጥጥ ይጠረጋል፣ ለፕላስቲክ የሚስማማ ነጭ ግራሶ በጣም በትንሹ ይቀባል። ለመኪና የሚሆነው ወፍራም ግራሶ እዚህ ቦታ የለውም፤ የምግብ ዘይትም እንደዚያው።

የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን በዚህ በኩል የታወቀ ድካም ነበረበት። በቀደምት ሞዴሎቹ ሌንሱ ሙቀት ከሚያወጣው የኃይል ክፍል አጠገብ ተቀምጦ፣ የሚንሸራተትበትም ፕላስቲክ እየተበላ ያዘነብል ነበር። ጌም ቤት ውስጥ ማሽኑን ገልብጠው ሲያጫውቱ ያያችሁ ካላችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ሲገለበጥ ሌንሱ ወደ ሌላው ጎን ስለሚጋደል ለጊዜው ያነባል። በኋለኞቹ ሞዴሎች ሶኒ ራሱ የሌንሱን ቦታ ቀይሮታል።

ማሽኑን ለመፍታት ከወሰናችሁ ትክክለኛውን ካቻቪቴ ያዙ፤ የማይገጥም ካቻቪቴ የብሎኑን ራስ ይበላዋል። በየደረጃው በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። እኔና ልጄ ብሎኖቹን በባዶ የእንቁላል መያዣ ውስጥ በወጡበት ቅደም ተከተል እናስቀምጣቸዋለን። ቁጥር መጻፉ የእሱ ሥራ ነው፤ እስካሁን አንድም ብሎን አልጠፋብንም።

የኃይል ክፍሉን ግን አትንኩ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ውስጥ ያለው ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ሊይዝ ይችላል፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይዞ ይቆያል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም።

እነዚህን አታድርጉ

ሌንሱን በአሴቶን፣ በሽቶ ወይም በእጅ ሳኒታይዘር ጄል አትጥረጉ። አሴቶን ፕላስቲኩን ያደበዝዘዋል፤ ጄሉ ደግሞ የሚያጣብቅ ቅሪት ይተዋል። በአፋችሁም አትንፉበት፤ ከአቧራው ጋር ምራቅ ትጨምሩበታላችሁ።

የጥርስ ሳሙና ብዙ ሰው ይመክራል። የላይ ላዩን ጭረት ሊያለሰልስ ይችላል፤ ግን እሱ ራሱ እየፋቀ ነው የሚሠራው። ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ያላነበበ ዲስክ ካለ ያን ጊዜ ሞክሩት። ሌንስ ላይ ግን በፍጹም።

ሌንሱ ጎን ላይ ያለችውን ጥቃቅን ማስተካከያ በካቻቪቴ አታዙሩ። የጨረሩን ጉልበት ስለምትጨምር ደካማ ሌንስ ለጊዜው ይነቃል፤ ከዚያ ጨርሶ ይቃጠላል። የወንድሜ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን የሞተው እንዲህ ነው። ሁለት ሳምንት ጀግና አደረገው፣ ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ከቤቱ ሰው አልተነጋገረም።

ክዳኑ ተከፍቶ ማሽኑ እንዲሠራ አታድርጉ፤ ጨረሩን በቀጥታ ማየት ዓይን ይጎዳል። ከውጭ የመጣ ማሽን ከሆነም ከመሰካታችሁ በፊት ከሥሩ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። ለጃፓን የተሠራው 100፣ ለአሜሪካ የተሠራው 120 ቮልት የሚል ከሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። መብራት ሲጠፋም ንቀሉት፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል አንዳንዴ ከፍ ያለ ነው።

ጥገና ቤት ስትሄዱ

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ከቤት ሳልወጣ ከማሽኑ ሥር ያለውን፣ በኤስሲፒኤች የሚጀምረውን የሞዴል ቁጥር እጽፋለሁ። ሌንሱ የሚታይ ከሆነ ፎቶ አነሣዋለሁ። ከውስጥ በኩል ጥፍር ቀለም አንድ ነጥብ አደርጋለሁ። ሜሞሪ ካርዱን ነቅዬ ቤት አስቀራለሁ፤ ለጥገናው አያስፈልግም።

እዚያ ስደርስ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ፊቴ ትከፍተዋለህ? ዕቃ ከተቀየረ አሮጌውን ትመልስልኛለህ? ዋስትናው ስንት ነው? ጥሩ ጠጋኝ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቀየምም። እነዚያ አዛውንት ለሦስቱም ሳልጠይቃቸው ነው የመለሱልኝ። ከማይሠራ ተመሳሳይ ማሽን ላይ ትክክለኛውን ሌንስ አውጥተው ገጠሙልኝ፤ የተነሣውን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ፤ የሦስት ወር ዋስትና በእጃቸው ጻፉልኝ።

ዕቃውን ራሳችሁ ከመርካቶ ከገዛችሁ የሌንሱ ቁጥር ከማሽኑ ሞዴል ጋር መሄዱን አረጋግጡ። አዲስ ከሆነ ከኤሌክትሪክ ንክኪ እንዲጠበቅ በትንሽ ብየዳ ነጥብ ታስሮ ሊመጣ ይችላል። ነጥቡ ካልተነሣ ሌንሱ አይሠራም፤ ተበላሽቷል ብላችሁ አትመልሱት፣ ለጠጋኙ ንገሩት።

ያዋጣል ወይ?

የሒሳብ ሰው ጥያቄ ነው፤ እኔም ጠይቄዋለሁ። አዲስ የወጣው ማሽን ዋጋ ዛሬ ከብዙ ቤተሰብ የወር ገቢ በላይ ነው። በዚያ ላይ ጨዋታው፣ ኢንተርኔቱ፣ ተጨማሪ መቆጣጠሪያው አለ። የአሮጌው ጽዳት ዋጋ አንድ ጠርሙስ አልኮልና አንድ ፓኬት ጥጥ ነው። ሌንስ ቢቀየር እንኳ ሒሳቡ አይቀራረብም። ሌዘሩ አርጅቶ፣ ኃይል ክፍሉም ተበላሽቶ፣ ዲስኮቹም ተቧጭረው ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታፍስሱበት፤ ለዕቃ የሚፈልገው ጠጋኝ ይግዛችሁ።

ሒሳቡ ውስጥ የማይገባ ትርፍም አለ። ልጄ የተበላሸ ዕቃ ሲያይ አሁን "ይጣል" አይልም። "እስቲ ይከፈት" ይላል። ባለፈው ሳምንት የእናቴን ራዲዮ ሊከፍት ሲል ነው የያዝነው።

ማሽኑ የተስተካከለ ዕለት ቅዳሜ ነበር። ሜሞሪ ካርዱን ሰክተን አበራነው። ፒኤስ ቱ ሲከፈት በጨለማው ውስጥ የሚታዩትን ቀጫጭን ግንቦች ታስታውሳላችሁ? ለጌጥ የቆሙ አይደሉም። በሜሞሪ ካርዱ ላይ ካለው የጨዋታ ታሪክ ነው የሚመነጩት፤ ብዙ በተጫወታችሁ ቁጥር ይበዛሉ፣ ይረዝማሉ። በባዶ ካርድ ሜዳው ባዶ ነው። የእኛ ስክሪን ግን በግንብ ተሞላ፤ ሁሉም የወንድሜ ነበሩ።

በቪዲዮ ደወልንለት። እዚያ ገና ሌሊት ነው፤ ከሥራ ሊወጣ ነበር። ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞርኩለት። ልጄ የተቀመጠውን ሊግ ከፈተ። የወንድሜ ቡድን ከአሥር ዓመት በፊት ባቆመበት ሳምንት ላይ ቆሟል፤ ቀጣዩ ጨዋታ አልተደረገም።

"እንዳትነኩት!" አለ ወንድሜ መጀመሪያ። ከዚያ ትንሽ ዝም አለ። "አይ... ይጫወትልኝ። ግን በረኛውን እንዳይቀይር።"

ልጄ ሁለት ለዜሮ ተሸነፈ። አጎቱ ከዚያ ማዶ እየጮኸ አሠለጠነው። እናቴ ረከቦቱን አቅርባ ቡናውን ልታፈላ ተቀመጠች፣ እጣንም ከሰሉ ላይ ጣል አደረገች። እኔ ተነሥቼ የማሽኑን ክዳን ዘጋሁና ማጨሻውን ወደ በሩ አስጠጋሁት።